ጋሽ ኖራ በገዛ እጃቸው የከፈቱት መንገድ

ከየቤታችሁ ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ የታላቅ ወንድሜን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ እኔን እህታቸውን መርጦኛል። ነገር አለዝቤ መናገር እንደማልችልበት ታውቃላችሁና ከወዲሁ ይቅር በሉኝ።

ሁላችንም ጋሽ ኖራ እያልን የምንጠራቸው ወንድሜ ከእንጨት ሰንጣቂው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ የቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው፣ ከደኑ ጥግ ባለው በዚሁ ግቢ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ሲማሩ ከቆዩ በኋላ፣ አባታችን ወገባቸውን ታመው ከሥራ በመቅረታቸው፣ ደብተራቸውን አስቀምጠው ቤተሰቡን የመርዳት ግዴታ ወደቀባቸው፤ የደን ጽሕፈት ቤቱም በጥበቃ ሠራተኛነት ቀጠራቸው። አባታችን ዕድሜ ልካቸውን ሲቆርጡ ኖረው ልጃቸው ዛፍ ጠባቂ መሆኑን ለሰው ሁሉ እየነገሩ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ደኑ የማንም ግለሰብ ሳይሆን የሕዝብ ተብሎ የተከለለ፣ ከተማው የሚጠጣው ውሃ የሚመነጭበት ስፍራ ነበር። ዝናቡ አልፎ ሣሩ የድንበር ድንጋዮቹን ሲሸፍናቸው፣ ወንድሜ በየዓመቱ ሣሩን እያጨዱ፣ ድንጋዩን ሁሉ አንድ በአንድ በኖራ ይቀቡ ነበር። እጃቸው ነጭ እንደሆነ ስለሚሰነብት ጋሽ ኖራ የሚለው ስም በዚያው ወጣላቸውና እናታችን ያወጡላቸውን ስም አስረሳ።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት ባለቤታቸው ይሠሩበት በነበረው ችግኝ ጣቢያ ነው። ወንድሜ ለቆፈሩት ጉድጓድ የማይበቃ ችግኝ ይወስዱና በማግስቱ ጎደለኝ ብለው ይመለሱ ስለነበር፣ የጣቢያው ሰው ሁሉ ይህ ሰውዬ መቁጠር አይችልም እንዴ ብሎ ሲያማቸው ከርሞ፣ ነገሩ የገባው የሠርጉ ጥሪ ሲደርሰው ነው። በትዳራቸውም አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተው በፍቅር ኖረዋል።

በዚያ ክፉ የድርቅ ዓመት ደኑ በእሳት ተያይዞ፣ የእሳት አደጋ መኪናው መግቢያ አጥቶ ዳር ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ወንድሜ ከግማሹ በላይ ሲነድ አይተው ከጎረቤት ጋር በቅጠልና በአካፋ አጠፉት። ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ በማለትም፣ ሰው አስተባብረው፣ ከዋናው አስፋልት እስከ ምንጩ ድረስ መኪና የሚያስገባ መንገድ በደኑ መሐል ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ እሳት ሲነሳ መኪናው በቶሎ እየደረሰ ደኑ ስለተረፈ፣ በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ እንደዚያ መንገድ የሚኮሩበት አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ግን በደኑ ላይ ሆቴልና ቪላ እንሠራለን የሚሉ ባለሀብቶች መጡ። መኪና የሚያልፍበት መንገድ የተከፈተበት መሬት ከጥበቃ ሊወጣ ይችላል የሚል የሕግ አንቀጽም ጠቀሱና ጉዳዩ በከተማው አዳራሽ ለውይይት ቀረበ። ስለ ደኑ የሚከራከሩልን ጠበቃ ወንድሜን ገለል አድርገው፣ ስለ መንገዱ ከተጠየቁ አላውቅም እንዲሉ ለመኗቸው። ወንድሜ ግን ሲጠየቁ ተነስተው ቆሙና፣ «መንገዱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የከፈትኩት ግን ለእሳት አደጋ መኪና ነው» አሉ። ከንግግራቸው የተያዘው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር። ዘበኛና አትክልተኛ ሆነን እንቀጠራለን ብላችሁ በዚያ አዳራሽ ደኑ እንዲሸጥ እጃችሁን ያወጣችሁ ሰዎች ዛሬ ከፊቴ ተቀምጣችኋል። እሳቸው አልተቀየሟችሁም፤ እኔ ግን ተቀይሜያችኋለሁ፣ ከመካከላችሁ የተቀጠረም አላየሁም።

ደኑን የመነጠሩት ዶዘሮች የገቡት በዚያው መንገድ ነው። ወንድሜ ጡረታ ከወጡም በኋላ ዝናቡ ባለፈ ቁጥር ኖራቸውን በጥብጠው እየወጡ፣ ያልተነቀለ ድንጋይ ፈልገው ይቀቡ ነበር። አንድ ቀን ግን ባልዲውን እንደሞላ ይዘው ተመለሱና በር ላይ አስቀምጠውት ገቡ፤ ባለቤታቸውም ኖራውን ወስደው ደፉት።

ብዙም ሳይቆይ ግራ ጎናቸው በድንገት አልታዘዝ ብሏቸው የአልጋ ቁራኛ ሆኑ። አልጋቸው በመስኮቱ በኩል ስለነበር፣ የሆቴሉ ፎቅ ሲወጣ እንዳያዩ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንዲሆን አልጋውን እሳቸው ራሳቸው አስዞሩት። አስታማሚያቸው የነበረችው ልጃቸው እንደምትለው፣ አእምሯቸው በተዛባ ቁጥር ድንጋዮቹ ተቀብተው እንደሆነ ይጠይቋት ነበር፤ እሷም ተቀብተዋል አባዬ ትላቸው ነበር። እኔን ግን አይጠይቁኝም፤ መዋሸት እንደማልችል ያውቃሉ። እኔን የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባልከፍተው ይቃጠል ነበር፤ ብከፍተው ተሸጠ» ይሉኛል። እኔም እግራቸውን አሽላቸው ነበር። ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ ቢያደርጉላቸውም ሊሻላቸው ስላልቻለ፣ ባለፈው ሌሊት በተወለዱበት ቤት አርፈዋል።

ከወንድሜ በኋላ ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኔ እህታቸው ቀርተናል። ቤተሰቡ ይህን ታሪክ ሲያሰናዳ ከቀሩት ጋር ደኑንም ጥሪው ብሎኝ ነበር፤ አልጠራሁትም፣ ከእሳቸው ቀድሞ ሄዷልና። ፈጣሪ የወንድሜን ድካም ቆጥሮላቸው፣ ማንም ድንበር በማይገፋበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።