የአርባዎቹ ቆነጃጅት ካርቶን

(ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለ ቤት፤ የሐመልማል የቀለበት ቀን ነው። የእጮኛዋ የያፌት ቤተሰብ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው፣ እናቷን ወይዘሮ ይመኙሻልን መስታወት ፊት አስቀምጣ ሜካፕ ልትሠራላት ትታገላለች።)

ይመኙሻል፦ አልቀባም አልኩሽ፣ አልቀባም! ቀለበቱ የሚታሰረው ላንቺ ነው ለኔ?

ሐመልማል፦ እማዬ፣ ትንሽ ብቻ። የብሌን ስጦታ እኮ ነው። ሳትቀቢው ብትቀበያት ምን ትላለች?

ይመኙሻል፦ ምን ትላለች? "ሴትዮዋ ፊቷን ታጥባ ጠበቀችን" ትላለቻ። ነውር ነው?

ሐመልማል፦ የያፌት እህት ናት። ነገ ዘመዴ ልትሆን ነው። ደግሞ ይሄ ማንም ሱቅ የሚገኝ ተራ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ሊሚትድ ነው። በራሷ ሐሳብ አሠርታ ነው ያስመጣችው። አንዴ ተሠራ፣ ሁለተኛ አይሠራም።

ይመኙሻል፦ አንዴ አይተውት ሁለተኛ የማይሠሩት ምን ቢያስጠላቸው ነው?

ሐመልማል፦ ውድ እንዲሆን ነዋ! ይኸው ቁጥሩም ካርቶኑ ላይ አለ። ያንቺ መቶ አስራ አራተኛው ነው።

ይመኙሻል፦ እንደ እስረኛ ቁጥር አወጣችልኝ በይኛ። ይሄ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ምንድነው? ሩዝ ነው?

ሐመልማል፦ ዕንቁ ነው።

ይመኙሻል፦ ዕንቁ!

ሐመልማል፦ የፕላስቲክ።

ይመኙሻል፦ ሩዝ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ይበላል።

ሐመልማል፦ እሺ ስቀሽ ከጨረስሽ ዓይንሽን ጨፍኚ። ይሄ አይሻዶው ነው። ስሙ "የሐይቁ ማለዳ" ይባላል።

ይመኙሻል፦ እኔ ሐይቅ በማለዳ አይቼ የማላውቅ መሰላት? ይሄ የሻገተ ዳቦ ነው። ሳምንት የከረመ።

ሐመልማል፦ ሊፕስቲኩ ደግሞ "የልዑሉ መሳም"።

ይመኙሻል፦ በስመ አብ! ልዑሉ ጉበት ሲበላ ነው የሳማት? አባትሽ ይሄን ተቀብቼ ቢያየኝ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የሚወስደኝ።

ሐመልማል፦ እኔም እኮ ተቀብቼዋለሁ፣ እማዬ። እዪኝ እስቲ፣ አላማረብኝም?

ይመኙሻል፦ እውነቱን ልንገርሽ? ጠዋት ከጸጉር ቤት ስትመለሺ በሩ ላይ "ማንን ፈለግሽ?" ልልሽ ምንም አልቀረኝ። ደግነቱ ተናገርሽ።

ሐመልማል፦ በቀለበቴ ቀን እንዲህ ትይኛለሽ?

ይመኙሻል፦ ቆንጆ ልጅ ወልጄ ሌላ ልጅ ይዘሽብኝ ስትመጪ ምን ልበል? አፍንጫሽን የት አደረስሽው? የአያትሽ አፍንጫ ነበር እኮ።

ሐመልማል፦ ኮንቱር ነው፣ ቀጭን ያስመስላል። በቃ ተይው። ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ጉንጭሽ ላይ ጣል ላድርግልሽ። "የቆነጃጅቱ ብርሃን" ነው።

ይመኙሻል፦ ቆይ ቆይ። የምን ቆነጃጅት?

ሐመልማል፦ እ... የካርቶኑ ስም ነው። "አርባዎቹ ቆነጃጅት"።

ይመኙሻል፦ አርባ? ሐይቁ ውስጥ የነበሩት አርባዎቹ?

ሐመልማል፦ አዎ።

ይመኙሻል፦ ይሄ የኔ ተረት አይደለም እንዴ?

ሐመልማል፦ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ነገርኳት። በጣም ወደደችው። "ፈረንጆቹ በተረታቸው ይሸጣሉ፣ እኛም በራሳችን ተረት እንሽጥ" አለች።

ይመኙሻል፦ በራሳችን! እሷ አጠገቤ ነበረች ሳወራልሽ? ወይስ አልጋው ሥር ተኝታ ነበር? እስቲ አንብቢልኝ የተጻፈውን። መነጽሬ ሳሎን ነው።

ሐመልማል፦ ሰዓት የለንም...

ይመኙሻል፦ አንብቢ አልኩሽ።

ሐመልማል፦ "ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር መልከ መልካም ልዑል ነበር..."

ይመኙሻል፦ ልዑል? ጋኔን ነው እንጂ! ጥርሱ ማጭድ የሚያህል!

ሐመልማል፦ ብሌን "ጋኔን አይሸጥም" አለች።

ይመኙሻል፦ ቀጥይ።

ሐመልማል፦ "ልዑሉም አርባ ልጃገረዶችን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዘ። ከሐይቁ አበባ ቀለም ቀምሞም ቀባቸው። ሁሉም እኩል ቆንጆ ሆኑ..."

ይመኙሻል፦ ጋበዘ! ሰርቆ ነው እኮ የወሰዳቸው! የቀባቸውስ ለምን ሆነና? እናቶቻቸው ቢመጡ እንዳይለዩዋቸው ነው። ለሁሉም አንድ አፍንጫ፣ ለሁሉም አንድ ከንፈር። ቀለሙ እርግማን ነበር፣ አንቺ ልጅ። እናንተ እርግማኑን ቱቦ ውስጥ ከታችሁ ትሸጣላችሁ?

ሐመልማል፦ "...ከዚያም ሁሉም ለዘለዓለም በደስታ ኖሩ።"

ይመኙሻል፦ እሺ፣ ከዛስ?

ሐመልማል፦ አለቀ።

ይመኙሻል፦ እንዴት ያልቃል? እናትየዋስ?

ሐመልማል፦ የቷ እናት?

ይመኙሻል፦ የቷ እናት ትለኛለች! ልጇን ፍለጋ ሐይቁ ድረስ የወረደችው ናታ!

ሐመልማል፦ እሷን... ብሌን "ካርቶኑ ላይ ቦታ አልበቃም" አለች።

ይመኙሻል፦ ለፕላስቲኩ ግን በቃ።

ሐመልማል፦ እማዬ፣ በናትሽ። ሊደርሱ ነው። እሺ ፊትሽን ተውኩት፣ ሊፕስቲኩንም ተውኩት። ይሄን ብቻ አንገትሽ ላይ ላድርግልሽ።

ይመኙሻል፦ አንገቴ ላይ? ሜካፕ ፊት ላይ አይደለም እንዴ?

ሐመልማል፦ ኮንሲለር ነው። ቆዳውን... አንድ ዓይነት ያደርገዋል።

ይመኙሻል፦ አንድ ዓይነት። እንደ ጋኔኑ ማለት ነው።

ሐመልማል፦ ቀና በይ ብቻ። ይኸው፣ በግራ በኩል ጨረስኩ፤ አላመመሽም።

ይመኙሻል፦ መስታወቱን አቅርቢልኝ እስቲ። ...ይሄስ ይገርማል።

ሐመልማል፦ አየሽ? ያምራል!

ይመኙሻል፦ ያምራል አላልኩም። ዱቄቱ አመድ ይመስላል፣ ሊፕስቲኩ ጉበት። ከካርቶኑ ውስጥ አንድም ለኔ የተሠራ ነገር የለም። ይሄ ብቻ ቁርጥ የኔ ቆዳ ነው። ብሌን እኔን አይታኝ አታውቅም፤ ዛሬ ገና ልታየኝ ነው። ቀለሜን ማን ነገራት?

ሐመልማል፦ ፎቶሽን ላኩላት።

ይመኙሻል፦ የቱን ፎቶ?

ሐመልማል፦ የፋሲካውን።

ይመኙሻል፦ ነጠላዬን እስከ አገጬ የተከናነብኩበትን?

ሐመልማል፦ ...አዎ።

ይመኙሻል፦ እንግዲያው ንቅሳቴን አላየችም። ያላየችውን ነገር መሸፈኛ እንዴት ላከች?

ሐመልማል፦ እማዬ...

ይመኙሻል፦ እንዴት ላከች ነው ያልኩሽ?

ሐመልማል፦ ለምኛት ነው። ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም፤ በቆዳሽ ልክ ቀለም እንድታስመጣልኝ እኔ ነኝ የለመንኳት።

ይመኙሻል፦ አፈርሽብኝ።

ሐመልማል፦ አላፈርኩብሽም! ግን ካሜራ አለ፣ ቪዲዮ አለ። እነሱ እኮ... የያፌት እናት ቅንድባቸው እንኳ በባለሙያ ነው የሚሠራው። አንቺን ሲያዩ "ገጠሬ ናት" እንዲሉሽ አልፈለግኩም።

ይመኙሻል፦ እንዲሉኝ ነው ወይስ እንዲሉሽ?

ሐመልማል፦ እንዲህ አትበይ።

ይመኙሻል፦ ስሚኝ። ነቃሿ መንደራችን የምትመጣው በዓመት አንዴ ነበር። ያመለጣት ልጅ አንገቷን ባዶውን ይዛ ትከርማለች። ሊሚትድ እሱ ነው! በእሾህና በጥላሸት፣ እኔ እያለቀስኩ፣ እናቴ እጄን ይዛኝ። ይኸው ሳሙናም አልቻለው፣ እርጅናም አልቻለው። ያንቺ ሊሚትድ ካፊያ ከመጣ ቀሚስሽ ላይ ነው።

ሐመልማል፦ የኔ ጓደኞች እናቶች አንዳቸውም...

ይመኙሻል፦ ሰኞ ገበያ የጠፋሽ ጊዜ ፖሊሱ "እናትሽ ምን ትመስላለች?" ሲልሽ ምን ነበር ያልሽው?

ሐመልማል፦ ልጅ ነበርኩ፣ አላስታውስም።

ይመኙሻል፦ ታስታውሻለሽ።

ሐመልማል፦ ..."አንገቷ ላይ ጥልፍ አላት" አልኩት።

ይመኙሻል፦ ሰውዬው ገበያውን ሙሉ የሴት አንገት እያየ ዞረ። አንዷማ በጥፊ ልትለው እጇን አንስታ ነበር። አንቺ ትከሻው ላይ ሆነሽ "አይደለችም፣ አይደለችም" ትያለሽ። እኔ ሽንኩርት ተራው ጋ ሻሼ ወልቆ፣ ፊቴ በእንባና በአቧራ ተለውሶ፣ እብድ መስዬ እጮሃለሁ። ፊቴን አላወቅሽውም። በአንገቴ ነው የለየሽኝ።

ሐመልማል፦ በቃ፣ እማዬ።

ይመኙሻል፦ አልበቃም። ያን ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አለሽ። እየባነንሽ ተነስተሽ አንገቴን በጣትሽ ትዳስሻለሽ፤ መኖሬን ታረጋግጫለሽ። ተረቱን ያኔ ነው የፈጠርኩልሽ፤ ለብሌን ሱቅ አይደለም። መጨረሻውን ታውቂዋለሽ?

ሐመልማል፦ አውቀዋለሁ።

ይመኙሻል፦ በይው እስቲ። ካርቶኑ ላይ ስለሌለ ነው።

ሐመልማል፦ እናትየዋ... አርባዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ልጇን መለየት አቃታት። ጋኔኑ ሳቀባት። ልትመለስ ዞር ስትል ግን ልጅቱ የእናቷን አንገት አየች። "እማዬ!" ብላ ስትጣራ የሁሉም ቀለም ረገፈ።

ይመኙሻል፦ ጎበዝ። በይ አሁን ቀቢ።

ሐመልማል፦ እ?

ይመኙሻል፦ ቀቢ እንጂ! ይኸው ቀና ብያለሁ። አንዲት ነጥብ እንዳታስቀሪ። ብቻ እንግዶቹ ሲገቡ አክስቶችሽም ጎረቤቱም ይደረደራል፤ ከዚያ ሁሉ ሴት መሃል እናትሽን ፈልገሽ አውጥተሽ አሳዪያቸው። በምን እንደምትለዪያት እሱን እንጃልሽ። የመኪና ጥሩምባ ነው? መጥተዋል። ምን ይገትርሻል? በቀኝ በኩል እኮ ገና አልተነካም።

ሐመልማል፦ ጥጡን የት አደረግሽው?

ይመኙሻል፦ ምን ሊያደርግልሽ?

ሐመልማል፦ የቀባሁትን ላነሳው ነው። ቀና በይ፣ አትንቀሳቀሺ።

ይመኙሻል፦ ቀስ በይ! ቆዳዬን ልታነሺው ነው እንዴ?

ሐመልማል፦ ብሌንስ? ያን ያህል ለምኜ ያስመጣሁትን ቀለም አንገትሽ ላይ ስታጣው ምን እላታለሁ?

ይመኙሻል፦ ቦታ አልበቃም በያት።