እናታችን ቤት የደረሰው ወጥ

ሄሎ… አቤት እታለም። … አዎ፣ እናታችን ቤት ነኝ፣ ወጥ ቤት ውስጥ። … ደርሷል ስልሽ። ሁሉም ደርሷል። እናቴ ትሙት እንዳልልሽ ሞታለች፤ በራሴ ልማልልሽ። ከምነግርሽ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ይኼ ምላሴ ሁለተኛ ጨው አይቅመስ።

… አትሳቂ እንጂ። … ብቻዬን ነዋ የሠራሁት። የኦቾሎኒው ወጥ፣ ሩዙ ከነአደንጓሬው፣ ባሚያው… ቅድመ አያቶቻችን በባርነት ከአፍሪካ ሲወጡ በሆዳቸው ይዘውት የወጡት ምግብ አንድም ሳይቀር ምድጃው ላይ ተሰልፏል። ሠራዊት ቢመጣ አይጨርሰውም።

… እሱንማ እንዴት እረሳለሁ? «የበዓሉን ምሳ እንደ እናታችን አድርገህ ካቀረብክ ቤቱ አይሸጥም፤ ካልቻልክ ነገውኑ ለደላላው አስረክባለሁ» ብለሻል። ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። ታዲያ ምን ያስፈራኛል? ሥራዬ ቀለም መቀባት ቢሆንም እጄ የእሷ ነው። … እንቁላል ስቀቅል ያሳረርኩት? እሱ የእንቁላሉ ጥፋት ነው።

አንዴ ቆዪኝ — ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ። በር ላይ ምን ገተረዎት? — አጎታችን ናቸው። በመኪናቸው ይዘውኝ የመጡት እሳቸው ናቸው። ሽታው አፍዝዟቸው ደፍ ላይ ቀርተዋል።

ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … ኦቾሎኒው? ተራራ የሚያክል ነው የላጥኩት። ጥፍር የሚባል አልተረፈኝም። … ማማሰያው? ማማሰያው ደግሞ ምን አደረገሽ? … ድስቱ ላይ ነው። እጀታው… ቆይ ልየው… ወደ ግራ ዞሯል። … እሷ ግራኝ እንደነበረች ለእኔ ትነግሪኛለሽ? እኔም በግራዬ ነው ያማሰልኩት፤ ቀኙ በልጣጩ ብዛት ዝሎ። … ክዳኑ ተገልብጦ ነው የተከደነው፣ ከላዩ እርጥብ ጨርቅ አለ። … እንደ እሷ ነዋ። ከእሷ ካልወሰድኩ ከማን ልውሰድ?

… ታስወጣን እንደነበር አውቃለሁ። ሁላችንንም አባርራ በሩን ከውስጥ ትቀረቅር ነበር። አንቺ ስታኮርፊ እኔ በአፍንጫዬ እማር ነበር። አፍንጫዬ እኮ ግድግዳ ይበሳል።

… እሺ ፈትኚኝ። … መጨረሻ ላይ የሚገባው? … ቆይ፣ ክዳኑን ላንሳው… አንድ ሽንኩርት። ሙሉውን፣ ከሰል እስኪመስል ተቃጥሎ። ይኸው ላዩ ላይ ተንሳፍፏል። … ሆን ብዬ ነዋ ያሳረርኩት። ማሳረርም ሙያ ነው። …

እታለም? … ምንድነው የወደቀብሽ?

… ምነው ድምፅሽ? … በቁልፉ ቀዳዳ አየሻት? … አንቺ ብቻ? … ሽንኩርቱን ወጡ ከመቅረቡ በፊት ሰው ሳያይ ታወጣው ነበር? … ለማንም አልተነፈስሽም? ለእኔም?

… እንግዲህ… አየሽ… ባለሙያና ባለሙያ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። … ማንም አልነገረኝም አልኩሽ እኮ። ቁልፉን ትናንት ከእጅሽ ተቀበልኩ፤ ጎህ ሲቀድ ምድጃው ፊት ቆሜያለሁ። ላቤ ወለሉን አጥቦታል። ጎረቤቱ ሽታውን ተከትሎ አጥሩ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥቶ «ምነው እኛንም በጠራኸን» እያለ —

ምን አሉ ጋሼ? … ቀስ ይበሉ፣ ስልክ ላይ ነኝ።

… ምንም አላሉም። … የሚናገሩትማ አያጡም፣ ሽማግሌ አይደሉ። … ሰማሽ እንዴ? … ምኑን ልድገምልሽ? … እሺ። እሺ፣ አትቆጪ።

«የገዛነው ኦቾሎኒ አሁንም መኪናው ውስጥ ነው» አሉ። «ገና መግባታችን ነው። በሩን ስንከፍት ድስቱ ይፈላ ነበር።»

… አዎ። … እውነታቸውን ነው።

… ተቆልፎ ነበር። መስኮቱም። ከቀብሩ ወዲህ ማን ይከፍተዋል? ሳሎኑ አቧራውን እንደለበሰ ነው። ወጥ ቤቱ ግን ተጠርጓል፤ ወለሉ ገና አልደረቀም። … ታዲያ ምን ልበልሽ? ያንቺ ስልክ ሲጮኽ እኔ እዚህ መሐል ቆሜ ነበር። እኔ ሠራሁት ማለት ቀለለኝ።

… ቀምሻለሁ። … አትጠይቂኝ። … ነይና ራስሽ ቅመሺው።

… ደላላውን? … አይምጣ አልሽው? … ሰማሁ። ቤቱ አይሸጥም። … እኔም ደስ ይለኝ ነበር እኮ፣ ማን እንደሠራው ባውቅ።

… የለም፣ አላጠፋነውም፣ እየነደደ ነው። … ጋሼም እንደ አንቺ ጠየቁኝ። … እኛ ያልለኮስነውን እሳት፣ እታለም፣ ማንን አስፈቅደን እናጥፋው? … እሺ። ቶሎ ድረሽ።