አርባ አልጋ ወራሽ በአንድ ክፍል

እነዚህ ልጆች ሊያሳብዱኝ ነው! ሞላሌ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስለ ዘውድ አገዛዝ ሳስተምር፣ «ሥልጣን በምርጫ ሳይሆን በዘር ይወረሳል፤ ይሄ ለገበሬ ልጅ ፍትሐዊ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እንደሚቃወሙ ርግጠኛ ነበርኩ። አንዱ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ እኔ እኮ የንጉሥ ዘር ነኝ» አለና እስከ ሰባተኛ አያቱ ቆጠረ። ሌላዋ «የኔ ከሱ ይቀርባል!» ብላ እሷም መቁጠር ጀመረች። ከዚያማ ክፍሉ የርስት ሙግት ሆኖ ዐረፈው። አርባ ተማሪ፣ አርባ አልጋ ወራሽ! ጠመኔዬን ወርውሬ «ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ ተራ ሰው ይጥፋ?» ብዬ ጮህኩ።

ከኋላ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። ተመስገን፣ አንድ ተገኘ ስል፣ «ቲቸር፣ እርስዎስ ተራ ሰው ነዎት?» አለችኝ።

«ከማን አንሼ!» አልኳት። ደወሉ ሲደወል ስድስተኛ አያቴ ላይ ደርሼ ነበር።