የቀዳ ይቅመስ

ክቡር አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ የማእከላችን ኃላፊ፤ ከአማኑኤል ከተማ ድረስ የመጡልን መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ግብዣው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዳራሹን ሳየው ለጡረተኛ መደገሱን ባላውቅ ኖሮ ሙሽራዋ የት አለች ብዬ እጠይቅ ነበር። ጋቢውንም ወድጄዋለሁ። የደብረ ማርቆስን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ጋቢ ዘመድ ነው።

የግድግዳ ሰዓቱን ግን ማነው የመረጠው? በዚህ ቤት ለእኔ ሰዓት መስጠት ነገር መፈለግ ነው። ይኸው ጋሽ አበረ ከበሩ ሥር ሆነው መሳቅ ጀምረዋል። እሳቸው ጥበቃችን ስለሆኑ ምሥጢሩን ያውቃሉ። አዲሶቹ ስለማታውቁት ዛሬ እኔው ልንገራችሁ፤ ከነገ ወዲያ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል።

እኔ እዚህ ስገባ ሥራችን በካሴት ነበር። የዲማውን፣ የመርጡለ ማርያሙን፣ የየገጠሩን መምህር ድምፅ ቀርጸን እናስቀምጣለን። ኮምፒውተር ሲመጣ ሁላችንም ተገላገልን አልን። ካሴት ይጠመጠማል፣ ይህ አይጠመጠምም። ካሴት ይሻግታል፣ ይህ አይሻግትም። እንዴት ዓይነት እምነት እንደነበረን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

በ2001 ዓመተ ምሕረት በጋ የቅኔውን መምህር የኔታ አካለ ወልድን ለመንናቸውና መጡልን። በጋውን ሙሉ ከዚህ ከኋላ ካለው ክፍል ተቀምጠው አስተማሩ፤ እኛም ቀረጽን። በመጀመሪያው ቀን ማይክሮፎኑን ከፊታቸው አስቀምጬ «የኔታ፣ ልቀዳዎት ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ጠላ ነኝ እንዴ?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸውን የሰማ ያውቀዋል፤ ከሳል ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ ከጀመረም ቶሎ አያልቅም።

«ድምፅዎን ነው የኔታ። ቅጂ እንዲኖረን ብለን ነው።»

«ቅጂ? ስም ነው ወይስ ትእዛዝ?»

«ስም ነው» አልኩ፣ ሰዋስው እንደጨረሰ ሰው ኮራ ብዬ።

«ተይ፣ ትእዛዝ ነው። ዋንጫ በጎደለ ቁጥር አሳላፊዋን ቅጂ ይሏታል። አንዴ ቀድታ ብትቀመጥ ግብዣው ይፈርሳል። ቀድታም ዝም ብላ አታቀርብም፤ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። የቀዳ ይቅመስ።»

ሳቅን። የቅኔ መምህር አይደሉ፣ በቃል ተጫወቱ አልን። መቅረጫው ያኔም እየሠራ ስለነበር ጨዋታው ሁሉ ተቀድቶ ቀረ።

በማግሥቱ ዓመት በዐቢይ ጾም የኔታ ዐረፉ። ነፍስ ይማር። አዘንን፤ ግን ድምፃቸው አለ ብለን ተጽናናን። ሐምሌ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ሆዱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል።

አቶ ኃይለ ሚካኤል መጡ። ያኔ ፀጉርዎ ጥቁር ነበር ጌታዬ። «ባክአፕ አለን አይደል?» አሉ። ሁላችንም ባንድ አፍ «አለን» አልን። በእርግጥም ነበረን። ባለሙያ ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ፣ በየቀኑ በራሱ ጊዜ የሚገለብጥ ፕሮግራም ጭኖልን ሄዷል። ትርፍ ዲስኩ ከጎኑ ተሰክቷል፣ መብራቱም ይበራል። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

ትርፍ ዲስኩን በሌላ ኮምፒውተር ከፈትነው። ማኅደሩ አለ፣ ስሙም በሚገባ ተጽፏል። ውስጡ ግን ባለሙያው ለሙከራ የገለበጣት የመጀመሪያዋ ቀን ብቻ ናት። ያቺ ቀን ደግሞ የኔታ ከመምጣታቸው በፊት ነበረች።

አንዳንዱ ቫይረስ ነው አለ። አንዳንዱ ዓይን ነው አለ። ለልጆቹ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ ማን አጠፋ አትበሉ። መጀመሪያ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው በሉ። የፋይሎቹን ቀን አየሁ፤ ሁሉም የዚያች የአንዲት ቀን ናቸው። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ራሱ እዚያው ትርፍ ዲስኩ ላይ የሚጽፈውን ሪፖርት ከፈትኩ። ምስኪኑ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር «አልተሳካም» እያለ ሲጮህ ከርሟል፤ ከፍቶ ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። እዚያው ሪፖርቱ ላይ የተሞላለትን ሰዓት አየሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ይላል።

ትክክል ነው። ባለሙያው በስንት ሰዓት ይገልብጥ ብሎ ሲጠይቀን፣ ምሳ ስንወጣ፣ ስድስት ተኩል ብለነው ነበር። እሱም ስድስት ተኩል ብሎ ሞላ። እሱ ሐበሻ፣ እኛ ሐበሻ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሐበሻ ያልሆነው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። ለእሱ ስድስት ተኩል ማለት እኛ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል የምንለው ነው።

ጋሽ አበረን ጠርቼ «ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መብራቱ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«የምን መብራት? ማታ ከቆጣሪው አወርደዋለሁ፤ ሠራተኛ ሲገባ ነው የማነሳው። እሳት እንዳይነሳ አውርድ ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁም?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ሊሠራ ሲነሳ ኤሌክትሪኩ የታዘዘውን አድርጎ ተኝቷል። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል፣ የኔታ ግን የሉም።

ያኔ ድምፁን በዲቪዲና በፍላሽም ገልብጠን ስለነበር ወደ ዲቪዲዎቹ ሮጥን። ከቀረጽናቸው በኋላ አንድም ቀን መልሰን አላየናቸውም፤ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ሲመታቸው ከርመዋል። ጥቂቶቹ ተነበቡ፣ የየኔታዎቹ ግን እየተሽከረከሩ ከማንጎራጎር በቀር አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ፍላሹን ሰካን። ከሰው ኮምፒውተር ቫይረስ ለቅሞ ስለመጣ ማኅደሩ ሁሉ ሾርትከት ወደሚሉት ባዶ አቋራጭ ተለውጦ ጠበቀን። አቋራጭ የት አድርሶ ያውቃል?

ያን ቀን ያደረብኝን ድንጋጤ አልረሳውም። የየኔታን ሞት የሰማሁ ዕለት እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። ሁለተኛ ሞቱብኝ፤ በዚህኛው ደግሞ ገዳዮቹ እኛ ነን።

ያዳኑን እዚህ የተቀመጡት ሰው ናቸው። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም የየኔታ ደቀ መዝሙር ነበሩ። አማኑኤል ሄደው ወንበር ዘርግተው ማስተማር ሲጀምሩ፣ በኃላፊው ፈቃድ ከቅጂው በስልካቸው ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭነንላቸው ነበር። ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ሁሉን አልያዘም። «ትምህርቱ ይበቃኛል፤ ጨዋታቸውን በልቤ ይዤዋለሁ» አሉን። ወሬው ሲደርሳቸው በማግሥቱ ካርዱን በመሐረብ ቋጥረው መጡ።

«ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እየፈራሁ።

«ዛሬም ጠዋት ሰምቼዋለሁ። ሳልሰማ የማስተምርበት ቀን የለም» አሉኝ።

የየኔታ ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእኛ ቅጂ በመዓረግ ተቀምጦ ሞተ፤ የመሪጌታ ግን በየቀኑ ሲቀመስ ኖረ። ትምህርቱ ሁሉ ተመለሰ። ጨዋታው፣ ያ «ጠላ ነኝ እንዴ» ማለታቸው፣ ያ ሳቅ ግን ጠፋ። መሪጌታ በልባቸው ቢይዙትም የልብ ድምፅ ለሌላ አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ የዚህን ቤት ሥርዓት ታውቁታላችሁ። አንዱ ቅጂ እዚህ፣ አንዱ አማኑኤል መሪጌታ ዘንድ ይኖራል። አንዱ ዲስክ ደግሞ ሁልጊዜ ተነቅሎ ይቀመጣል፤ የክረምቱ መብረቅም ቫይረሱም የተሰካውን እንጂ የተነቀለውን አያገኝምና። የመገልበጫው ሰዓት ሰው ባለበት፣ መብራት ባለበት ጊዜ ይሞላል። በየወሩ ደግሞ አንዱን ፋይል እንደ ዕጣ አውጥተን፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሰማለን። እኔ እንኳ ቅዳሴ ላይ እንደዚያ ጸጥ ብዬ አልሰማም፤ ይቅር ይበለኝ። በኢንተርኔት አስቀምጡት የምትሉም አላችሁ። አስቀምጡ፣ መልካም ነው። ግን በዛሬው ኔትወርካችን የየኔታን አንድ በጋ ልኮ እስኪጨርስ ሌላ የቅኔ መምህር ይወጣል። እሱም ቢሆን ይቀመስ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጡረታዬ ሲቃረብ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ለድምፁ ሁሉ ቅጂ አለ፤ ለእኔስ? ዲስኩ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የማውቀው እኔ ብቻ ብሆን፣ ከሄድኩ በኋላ የዚያ ሐምሌ ነገር ተመልሶ መምጣቱ አይደል? ስለዚህ የኮምፒውተር ባለሙያችንን ምሥራቅን ጠርቼ፣ ዋናውን ዲስክ ነቅዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩና «ዲስኩ ሞቷል። መልሺው» አልኳት። ፈቃድ ወጣሁ፣ ስልኬንም ዘጋሁ። አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ የዚያን ሳምንት ቁጣዎ ቤቴ ድረስ ተሰምቷል።

ስመለስ ሁሉም ተመልሷል። «የት ተቸገርሽ?» አልኳት።

«በጻፉልን መመሪያ ላይ ‹እንደተለመደው ይቀጥሉ› ያሉት ቦታ። እትዬ፣ ለእኔ እኮ አልተለመደም» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ያቺን ቃል ሰርዤ ራሷ እንድትጽፈው አደረግኩ። በገባት ቋንቋ የተጻፈው የእሷ ነው፤ ከእሷ በኋላ ለሚመጣውም ይገባዋል።

ታሪኩ እዚህ ያበቃል ብዬ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። ትናንት ከሰዓት ግን ምሥራቅ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ቶሎ ይምጡ» ብቻ አለች። የመጣሁት በነጠላ ጫማ ነው።

ለካ እነዚያን የማይነበቡ ዲቪዲዎች ታስታውሳቸዋለች። በየዓመቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጸዳ ይጣሉ ስትሉኝ አይጣሉም ብዬ ከእናንተ ጋር የምጣላበትን ካርቶን። እኔ በአዲሶቹ ማንበቢያዎች ሁሉ ሞክሬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሷ ግን «በየትኛው ኮምፒውተር ነበር የተቀረጹት?» ብላ ጠየቀች። እኔ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ። ያን አሮጌ ኮምፒውተር ከተጣለበት ጥግ አቧራውን አራግፋ አወጣችውና በሞተው ዲስክ ፈንታ ሌላ አስገባችለት። የጻፈውን ጽሑፍ ባለቤቱ አያጣውም እንደሚባለው፣ እያቃሰተ፣ እየቆመ፣ ከዲቪዲዎቹ አንዱን አነበበው።

የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀችልኝ። «ምነው ልጄ፣ ጠላ ነኝ እንዴ?» አሉኝ የኔታ። ከዚያ ሳቁ። ሳሉም አለበት። እኔ አለቀስኩ። አልደብቃችሁም፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዓይኔን ጠርጌ መጀመሪያ የጠየቅኳት «ስንት ቦታ ቀዳሽው?» ብዬ ነው።

«ሦስት ቦታ።»

«ቀመስሽው?»

«ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው።»

እንግዲህ በሰላም እሄዳለሁ። ሰው ሲተካ ልክ እንደ ራሱ የሆነ ቢተካ ጥሩ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከእኔ የተሻለች አግኝቻለሁና ማን እንደ እኔ።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። መብራታችሁ ሳይጠፋ፣ ዲስካችሁ ሳይንኳኳ፣ ድካማችሁ ፍሬ አፍርቶ ለማየት ያብቃችሁ። ጋሽ አበረ፣ ቆጣሪውን የሚያወርዱ እጆችዎ ይባረኩ። ኃላፊያችን፣ ፀጉርዎ ቢነጣም ልብዎ አያርጅብን። የሄዳችሁበት ይቅናችሁ፤ በሄዳችሁ ጊዜም ምትክ አያሳጣችሁ።

የኔታ «ስም አይደለም፣ ትእዛዝ ነው» ብለውኝ ነበር። ድምፅ ማጉያው ተዘጋጅቷል፤ ሁሉም ይስማቸው።

ምሥራቅ፣ ቅጂ።