ባሕር የወደደ መኪና

«ብዪ እንጂ አበልጄ! የእሸት በቆሎ ቂጣ ከቀዘቀዘ ምን ይጥማል? እርጎም ጨምሪበት። የክርስትና ልጄስ ደህና ናት? ረሳችኝ እኮ! ኧረ ዘንድሮስ እንዴት ያለ ዝናብ ነው? ትናንት የዶን ኡልደሪኮን ዶሮዎች ጎርፍ ይዟቸው ሄደ አሉ። ውሃ መቼ መጣሁ ብሎ ይመጣል? እያሳሳቀ አይደል የሚወስደው...»

ዶኛ ኦዲሊ ይህን የምትለው ግሬሲያ ከተማ፣ በራሷ በረንዳ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ባገለገሉ መኪኖች መሸጫ ሃያ ስድስት ዓመት ዋጋ ስትተምን ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከጎኗ ባሏ ኤቬሊዮ፣ ከባሏ ጎን ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ ተቀምጠዋል። ቂጣው የሚቀርብላት አበልጇ ሃኒያ ናት።

ሃኒያ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። እሱ የተወላትን የሸንኮራ እርሻ ሸጣ፣ በሩ ላይ የቆመውን የዋርሳውን ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዛ ነው። ሙሽሮችን በኪራይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታደርስበታለች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መልሳ ትሸጠውና የራሷን የስፌት ቤት ትከፍታለች። «ያን ጊዜም ከዋጋው አንዲት ሳንቲም አይወርድም» ብሏታል ዋርሳው። ውሉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ነገ ጧት ይፈረማል።

ኦዲሊ ባለፈው ማክሰኞ፣ ዋርሳዋ ምሳ ሲበላ፣ መኪናውን ከፍታ ዓይታዋለች። ያየችውንም ለባሏ ነግራዋለች። ኤቬሊዮ ግን ዛሬ ከቅዳሴ ሲመለሱ «የወንድሜን ስም እንዳታነሺ» ብሎ አስማላት። ማለች። መሐላ ደግሞ አታፈርስም።

«ስለ ውሃ ስናወራ አንድ የማውቀው ሰው ትዝ አለኝ። አይ፣ አታውቂውም... ብታውቂውም እንደማታውቂው ቁጠሪው። ደግነቱን ልንገርሽ? መኪናውን ለገዢ ሲያሳይ ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው! መኪናውስ ብትይ! ወንበሩ በራሱ ጊዜ ጀርባ ያሻል። እሱ ደግሞ ከጎን ተቀምጦ በቃል ያሻል... ከሁለት በኩል ታሽቶ የማይለሰልስ ማን አለ?»

ዋርሳዋ ሳቀ። ነገሩ ገና አልገባውም ነበር።

«ባሕርም ይወዳል መኪናው። እኛ ድሆቹ በሕማማት ሳምንት ሄደን እግራችንን ነክረን እንመለሳለን። መኪናው ግን በመርከብ ወደኛ ከመምጣቱ በፊት፣ እዚያው አገሩ ሳለ፣ የባሕር ማዕበል ከተማውን ያጥለቀለቀ ጊዜ... እኔ ምን አውቄ? እዚያ ነበርኩ? ብቻ አንድ ቀን የወንበሩን ቀበቶ እስከ ጫፉ ብስበው ደቃቅ አሸዋ እጄ ላይ ረገፈ። የወንበሩ ብሎኖችም ዝገዋል፤ ከናፍቆት ይሆናል። ሽቶውማ! ሙሽራ እንኳ እንደዚያ አትሸትም። ጌትየው በየቀኑ ነው የሚያጥበው፤ ንጹሕ ሰው ነው። ታጥቦ ጭቃ የሚባለው ሌላው ነው እንጂ እሱንማ ማን ይላል?»

ሳቁ ቆመ። ሃኒያ ቂጣውን ሳህኑ ላይ መልሳ ወደ በሩ ተመለከተች። ኤቬሊዮ ሳል ያዘው።

«ምነው ኤቬሊዮ፣ አነቀህ? ስም አነሳሁ እንዴ? ... አላነሳሁም። እና አበልጄ፣ ባትሪውን ብነግርሽ አታምኚም። ሲሞላ አራት መቶ ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ ይላል ሰሌዳው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር የማትሞላ ሳን ሆሴ ደርሰሽ ስትመለሺ ግማሹ የለም! ጌታውን መሰለ፤ ሲናገር ሙሉ፣ ሲሠራ... እግዜር ይጠብቀው። እኔ በሥራ ዘመኔ ቀለም ዓይቼ ተምኜ አላውቅም። የዚህ ዓይነቱ መኪና ዋናው ዋጋ ባትሪው ነው፤ ጉልበቱ ምን ያህል ቀረው፣ ዋስትናውስ ስንት ዓመት ቀረው፣ እላለሁ። ያ ደግ ሰው 'የስምንት ዓመት ዋስትና አለው' ይላል። እውነቱን ነው! ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ለገዢዋ ሊነግራት አስቦ ነበር፣ ምን ያድርግ፣ ረሳው። ሰባቱን የመጀመሪያው ባለቤት በልቶታል። ስምንተኛውን ውሃ ጠጥቶታል። ውሃ ለገባበት ማን ዋስ ይሆናል? የአህያ ባል ከጅብ አስጥሎ ያውቃል?»

ዋርሳዋ ሰዓቱን አየ። ኦዲሊ የሸንኮራ ውሃውን ቀዳችለት፤ ጽዋው እስኪፈስ ድረስ ሞላችው።

«ሌላም አለልሽ። በየዓመቱ አዲስ ዓይነት ይወጣል፣ የአዲሱ ዋጋ ይቀንሳል። አዲሱ ሲወርድ አሮጌው የት ሊቆም ነው? እሱ ግን 'አንዲት ሳንቲም አይወርድም' ይላል። እምነቱ ያስቀናል! ላም አለኝ በሰማይ ያለው እንኳ ወተቷን እንደማያይ አምኗል። ይኼኛው ወተቱን በሊትር ይሸጥልሻል!»

ኤቬሊዮ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን በመሐረብ ከደነ። ኦዲሊ ግን በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። የሃኒያን እጅ አየች። ጣቶቿ በመርፌ የተወጋጉ ናቸው፤ ሟቹ ባሏ ያሰረላት የጋብቻ ቀለበት አሁንም አለባቸው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ነው መጠየቅ ያለበት፤ 'ከእኔ የሚገዛው ማን ነው?' ብሎ። እኔ ለማወቅ ያህል ወደማውቃቸው መሸጫዎች ሁሉ ደወልኩ። ውሃ የቀመሰ ነው ስላቸው ሁሉም ሳቁብኝ። ያም ሰው ዓመቱን ሙሉ ገዢ ሲፈልግ ነው የከረመው። እና በመጨረሻ ወደ ማን ሄደ መሰለሽ? ወደ ወዳጅ። ምን ያድርግ... ባዕድ ሰው እኮ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ሥር ያያል።»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሃኒያ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ውሉን አወጣች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፤ ከዚያ ተነስታ በጨዋ ደንብ የዋርሳው ጉልበት ላይ አስቀመጠችለት። ተመልሳ ተቀመጠችና ቂጣዋን አንስታ እርጎ ደረበችበት። ኦዲሊ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች።

ዋርሳው ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ ተነሳ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ወንድሙን ቢያይ፣ ወንድሙ ጣሪያውን ያያል። ኦዲሊ እስከ ደረጃው ድረስ ተከትላ ሸኘችው፤ ዓይኖቿ ግን ከሃኒያ ላይ አልተነሱም።

«እንግዳ ዝም ብሎ አይሸኝም፤ ምርቃት ይዞ ይሂድ እንጂ! እስቲ አበልጄ፣ ለዚያ ለማውቀው ደግ ሰው አብረን እንመርቅለት። የመላእክት እመቤት ድንግል ትጠብቀው። ዕድሜና ጤና ትስጠው። መኪናውን ምን ያህል እንደሚወደው አንቺም ታውቂያለሽ፤ ፍቅራቸውን ታጽናላቸው! የሰው ዓይን አይያቸው፣ የባዕድ እጅ አይንካቸው፣ በመካከላቸው ለያይ አይግባ። እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ አብረው ያርጁ፤ ከሞት በቀር የሚለያቸው አይምጣ... አሜን በሉ እንጂ!»