ከእኔ ቤት ይጀመር ላለው ለጋሽ ፈረቃ

የተከበራችሁ ባለቤቱና ልጆቹ፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶቹ፣ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤታችን አለቆችና ባልደረቦች፣ እንዲሁም መብራት በጠፋ ቁጥር ስትረግሙን ኖራችሁ ዛሬ ከእኛ ጋር ልታለቅሱ የመጣችሁ ውድ ደንበኞቻችን፤ ሁላችሁንም እግዜር ያጽናችሁ።

እኔ በታሪፍ ክፍል ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ስሠራ የኖርኩ ነኝ። "አንቱ" ስለው "ለስንት ሰው ነው የምታወሪው?" እያለ አንተ አስባለኝ። ዛሬም በዚያው ልቀጥል፤ ታላላቆች አትቀየሙኝ።

ጋሽ ፈረቃ ያልነው እኛ ነን። ኃይል ሲያንስ የትኛው ሰፈር መቼ መብራት እንደሚጠፋበት ፈረቃውን የሚያወጣው እሱ ነበር። ከማን ሰፈር ይጀምር ነበር? ከራሱ! "ከእኔ ቤት ይጀመር" ይላል። ያውም በእራት ሰዓት። እትዬ፣ እርስዎ ባለቤቱ ይመስክሩ፤ ዋሸሁ እንዴ? በጨለማ ስንት ድስት አሳርረዋል!

አንድ ቀን ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጭንቅላቱን ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ጥሎ፣ ቢሯችን ድረስ እየተንደረደረ መጣ። "ምነው ሁሌ እኛን? ሰፈራችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ቢኖረን እንዲህ አትጫወቱብንም ነበር!" ብሎ ጮኸ። ዞር ሲል ጋሼን አየው። "አንተማ ምን ታደርግ፤ እንደኛው ምስኪን ነህ" አለው። ጋሼ ምን አለ መሰላችሁ? "እውነትህን ነው ወንድሜ፤ ሰው የለንም።" እኛ ሳቃችንን ለመደበቅ ጠረጴዛ ሥር ገባን። ፀጉር አስተካካዩ ያውና፣ እዚያ ጋ እንባውን ይጠርጋል። አይዞህ ወንድሜ። ሰው ነበራችሁ።

እኛ ሠራተኞቹ በመብራት ሂሳብ ላይ የነበረንን ቅናሽ ያስቀረውስ ማን ነበር? እሱው! ወር ሙሉ አኮረፍነው። "ሂሳቡ የራሳችሁን ቤት ሳያንኳኳ የሰው ቤት ሲያንኳኳ በምን ታውቃላችሁ?" አለን። "ከእኔ ቤት ይጀመር" ብሎ ከሁላችን በፊት የራሱን ቅናሽ አስቀረ። እንግዲህ ምን ይባላል?

ቀጥሎ የፀሐይ ነገር መጣ። ሰው ጣሪያው ላይ ሶላር መትከል ጀመረ። ከቤት የተረፈው ኃይል ወደ እኛ መስመር ይገባል። በስንት እንግዛው? ለታሪፍ ኮሚቴው በቀረበው ረቂቅ ላይ የሰፈረው ዋጋ ከምንሸጥበት ሩቡን አይሞላም። ልብስ ሰፊዋን ታውቋታላችሁ፤ ጥሪቷን አሟጣ ነው የተከለችው። ከሷ በርካሽ ገዝተን ግድግዳ ለምትጋራት ጎረቤቷ በውድ ልንሸጥ! ጋሼ ከስብሰባው መሀል ብድግ አለና "ፀሐይዋንም እኛ ነን እንዴ የምናወጣት?" አለ። ሥራ አስኪያጃችን ሳይቀሩ ሳቁ።

እሳቸውም ቢሆኑ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። "ሽቦውን ማን ይጠግን? የራሱ ጣሪያ የሌለው ተከራይ ይክፈል?" አሉ። ጋሼ ሲረታ የሚያኮርፍ ሰው አልነበረም። "እውነትዎን ነው" ብሎ ተቀመጠ። ሰንብቶ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ የትንንሽ ቤቶች ትርፍ ኃይል በምንሸጥበት ዋጋ ይገዛ፤ የሽቦውን ወጪ ብዙ ኃይል የሚወስዱት ፋብሪካዎች ይሸከሙ፤ ተከራይ ላይ ምንም አይጨመር። ጣሪያ ላለውም ለሌለውም እኩል የሚጨነቅ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

ይህን ሊያስረዳ የመጣው ከሆስፒታል አልጋ ተነስቶ ነው። ልጁ እየደገፈችው፣ እየተቆጣችው። "አባዬ፣ ሐኪሙ ተኛ ብሎሃል እኮ!" "እተኛለሁ ልጄ፤ ለመተኛቱ መች ጊዜ አጣሁ?" ትንፋሹ እየተቆራረጠ አስረዳ። የእሱን ጨምሮ የኮሚቴው ድምፅ እኩል ለእኩል ሆነ፤ ውሳኔው ለሐሙስ ተቀጠረ። ልብስ ሰፊዋ ሐሙስን እየጠበቀች ነው። ካልሆነላት ሶላሯን ነቅላ ልትሸጠው ነው። ጋሼ ግን ሐሙስን ሳያያት ሄደ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ላንተ ልንገርህ። ወንበርህን ለጊዜው ለእኔ ሰጥተውኛል። በኮሚቴው ያለህ ድምፅም ከወንበሩ ጋር መጥቷል። "ገና ከመሾምሽ ከአለቃ ጋር አትጋጪ፤ ዝም ብትዪ ይሻልሻል" የሚሉኝ በዝተዋል። ፈርቻለሁ፣ አልደብቅህም። ትላንት እቤትህ መጥቼ ያን ቀን ደግፋ ያመጣችህን ልጅህን ሳያት ደግሞ በፍርሃቴ አፈርኩ።

ሥራ አስኪያጃችን እዚህ ቆመዋል። ጌታዬ፣ እርስዎም ይወዱት እንደነበር አውቃለሁ። እሱ ከጀርባ ተናግሮ አያውቅም፤ እኔም እዚሁ ፊትዎ ልናገር።

ጋሼ፣ ደክመህልናል፤ አሁን እረፍ። ደህና ሁን። ሐሙስ ለሐሳብህ እጄን አወጣለሁ።