ተራ የማይዘልል ሞተር

ከአሥራ ሁለት ሰው መሃል አንዱ ቢጎድል፣ የጎደለበት ቦታ ድምፅ ያሰማል ትላላችሁ? ወይስ እናንተም ቆጥራችሁ አታውቁም?

እትዬ ምንትዋብ ይህን ጥያቄ ከአምናው ኅዳር ሚካኤል ጀምረው ይዘውት ይኖራሉ። ዘንድሮ በዚያው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ስቶክሆልም ውስጥ ከሄሰልቢ ወደ ሃሉንዳ ሲሄዱ ግን ስለሱ አልነበረም የጀመሩት። የተቀመጡት በአንድ ረጅም ጥቁር የጀርመን መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። አጠገባቸው ንጋት አለች፤ ለትምህርት ከአዲስ አበባ መጥታ እሳቸው ቤት አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ። የሚነዳው የመኪናው ባለቤት ነው፤ የሚካኤል ማኅበራቸው ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው። ሃሉንዳ እሱ ቤት ጽዋው ቀርቧል፣ ማኅበርተኛው ተሰብስቧል፣ ቄሱም ቁርጡን ተናግረዋል፤ በእሱና በእትዬ ምንትዋብ መካከል ቂም እያለ የጽዋውን ጸሎት አያደርሱም። ስለዚህ ሙሴው ራሱ ሊያመጣቸው ሄደ። እሳቸውም ካፖርታቸውን ደርበው ተከተሉት።

አፋቸውን የፈቱት መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፤ ያውም ለንጋት።

«በረደሽ እንዴ ልጄ? ወንበሩ ይሞቃል እኮ። እዚያች ጋ ተጫኚያት... አየሽ? እኔ እዚህ አገር ስገባ እንኳን ወንበሩ ሰዉም አይሞቅም ነበር። አሁን ወንበሩ ቀደመን።

«ጨለማውንስ ለመድሽው? አይዞሽ። የኅዳር ፀሐይ እዚህ እንደ ባለሥልጣን ናት፤ ብቅ ብላ እጇን አወዛውዛ ትገባለች። ያ መንገዱ ላይ የሚያነጣው ደግሞ በረዶ እንዳይመስልሽ፤ ጨው ነው። መኪና እንዳይንሸራተት ይበትኑታል። ጨው ብረት ይበላል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላል ያገራችን ሰው... የስቶክሆልም ብልህ ግን ለምን ያለቅሳል? መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ልብስ ያለብሳታል። ይቺን የመሰለች መኪና ቅዝቃዜው ሲጀምር ተሸፍና እስከ ፋሲካ አትነካም። ዛሬ ጨው ላይ የወጣችው ለእኔ ክብር ነው። እግዜር ይስጥልን።

«አምናም በዚህ ሰሞን አንድ ቀን ወጥታለች። ለባለቤቴ ለገብረመድህን ቀብር። አስከሬኑን ከያዘው መኪና ቀጥላ ነበር የምትሄደው፤ ሞተሯ መነሳቱ እንኳን አይሰማም። ሰው ሁሉ ‹ወይ ክብር!› አለ። እውነትም ክብር ነው። ለታመመ ሰው ጨዉን መፍራት ያለ ነው፤ ለሞተ ሰው ግን ጨው አይፈራም። ጨዋነት ማለት ይሄው ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?»

ሹፌሩ እጁን ሰድዶ ሬዲዮውን ከፈተ። የስዊድን ዜና ነበር፤ ስለ ቤንዚን ዋጋ።

«ደግ አደረገ፤ ዝም ካልን የሞተሩ ዝምታ ያስፈራል። ...ኧረ ምነው ዘጋው? ዜናው ደስ ይል ነበር።

«አንቺ የምትማሪው መካኒካል አይደል? እንግዲህ ስሳሳት ታርሚኛለሽ። አርጅቼ ሥራ ፈት አይደለሁ፣ ስለዚች መኪና ሞተር የተጻፈ መጽሐፍ ከሄሰልቢ ቤተ መጻሕፍት ተውሼ አነበብኩ። ልብ ወለድ አይበልጠውም! አሥራ ሁለት ሲሊንደር። ስድስቱ በዚህ በኩል፣ ስድስቱ በዚያ በኩል፣ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ማኅበርተኛ። ከሥር አንድ ዘንግ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሁሉም ያችኑ ነው የሚያዞሩ። አንዱ ፒስተን ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ይላል፤ የአንዱን መንቀጥቀጥ ሌላው ያጠፋለታል። አንዱ ገፍቶ ሳይጨርስ ቀጣዩ ይቀበለዋል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ እየሠራ አናቱ ላይ ሳንቲም በጠርዙ ብታቆሚ አይወድቅም።

«እውነቴን ነው። አንድ የማውቀው ሰው አለ... አንቺ አታውቂውም። ማኅበርተኛውን ሁሉ ጋራዥ ወስዶ፣ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ አምስት ክሮነር አቁሞ አሳይቶናል። አጨበጨብን። ገብረመድህንም አጨብጭቧል፤ ያኔ እጁ ጤነኛ ነበር። ‹ድንቅ ነው ወንድሜ፣ አንተም እንደሱ የጸናህ ሁን› ብሎ መረቀው። ምርቃቱ ደርሷል መሰለኝ። እስካሁን ሲወድቅ አላየሁትም።»

ከኤሲንገ ድልድይ ላይ መኪናው በሰልፍ ተያዘ። ከፊታቸው ቀይ መብራት እንደ መቁጠሪያ ተደርድሯል። ሞተሩ እየሠራ ይሁን ጠፍቶ ይሁን ለማወቅ የሹፌሩን ፊት ማየት ያሻ ነበር፤ እትዬ ምንትዋብ ግን የሚያዩት ማጅራቱን ነው። አዲስ ተላጭቷል። ለይቅርታ ብሎ ተላጭቷል፣ አሉ በልባቸው።

«ከሁሉ የገረመኝ ተራቸው ነው። ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከአንደኛው ተነስቶ ማዶ ወደ ሰባተኛው ይሻገራል፤ ተመልሶ ወደ አምስተኛው፤ ደግሞ ማዶ ወደ አሥራ አንደኛው። ግራ ገብቶኝ ሥዕሉን በጣቴ ስከተለው አመሸሁ። ኋላ ነው የገባኝ... ይሻገራል እንጂ አይዘልልም። ዘንጉ ሁለቴ ዞሮ ቦታው እስኪመለስ አሥራ ሁለቱም ይደርሳቸዋል። ደካማ፣ ብርቱ፣ አሮጌ፣ አዲስ አይልም። አይ ጀርመን! እኛ በጸሎት ያቃተንን በብረት ሠራው።

«የእኛ ማኅበር እንዴት እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። እኛም አሥራ ሁለት ቤት ነን፤ ለየወሩ አንድ ቤት። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። ያለፈው ተረኛ ለሚቀጥለው ያስረክበዋል፤ የሚረከበውም ሰው ዓመት ሙሉ ያችን ቀን ይጠብቃል። ኅዳር የገብረመድህን ነበረች። በስደተኝነት በመጣንበት ዘመን ወር ስንካፈል ኅዳርን ሁሉም ሸሻት፤ ጨለማ ናት ብለው። ‹ግዴለም፣ ጨለማውን ለእኔ ስጡኝ› አለ። ሰጡት።

«ያ የማውቀው ሰው ታዲያ እንዴት ያለ አሳቢ መሰለሽ! አምና ገብረመድህን አልጋ መያዙን ሲሰማ ጭንቅ ጥብብ አለው። ‹ታሞ እንዴት ይድከም?› አለ። ወይ ርኅራኄ! ጽዋውን ከጥቅምቱ ተረኛ ተቀብሎ ኅዳርን ወደ ራሱ ቤት ወሰዳት። ለማኅበርተኛውም በቫይበር ጻፈ። ከማኅበርተኛው አንዷ፣ ዲቦራ፣ ኋላ አሳይታኛለች፤ አጻጻፉ እንዴት ያምራል! ‹ወንድማችንን ላለማስቸገር› ይላል። ለሁሉም ደረሰ። ለወንድማችን ብቻ አልደረሰም። የገብረመድህን ስልክ እንደኔው ባለቁልፍ ነበር፤ ቫይበር የሚባል ነገር ሳያውቅ ነው የኖረው። ያ ሰውም ይህን ያውቃል፤ ‹ይሄን ስልክ ለሙዚየም ስጠው› እያለ ስንቴ ስቆበታል። ግን ሰው ስንቱን ያስባል? አሥራ አንድ ቤት አስቦ አንዱን ቢረሳ ይፈረድበታል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። መልካም ተረት ነው። የጠወለገችዋን አንዷን ሎሚ ማን ይያዛት እንደሆነ ግን አይነግረንም...

«እኛማ ምን እናውቃለን? ጽዋውን ይዘው ይመጣሉ ብለን፣ ጌሾ ከሪንከቢ አስመጥቼ ጠላውን ጠምቄያለሁ። ድፎው ወጥቷል። ገብረመድህን ‹ሱፌን አልብሺኝ› አለ። ሱፉ ውስጥ ሁለት ገብረመድህን ይገባ ነበር፤ እንደዚያ ከስቶ። ክራቫቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ወንበሩን መስኮቱ ጋ አስጠጋሁለት፤ ከዚያ የአውቶቡስ ማቆሚያው ይታያል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ‹መጡ› ይላል። የፈረንጅ አሮጊት ትወርዳለች። ‹መንገዱ በረዶ ሆኖባቸው ነው› ይላል። ደግሞ ይቆይና፣ ‹ምናልባት አንዳቸው ታመው ይሆናል› ይላል። ሰማሽኝ ንጋት? እሱ ነው ይህን የሚል!

«መሸ። ክራቫቱን ልፈታለት ስል እጄን ያዘኝ። ‹ምንትዋብ፣ ማንን አስቀይሜ ይሆን?› አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ቤት ለቤት የምትረዳው የፊንላንድ ልጅ መጣች። አስቀመጣት። ድፎውን ራሱ አማትቦ ቆረሰላት። የሚካኤል እንግዳ እሷ ሆነች። ጫማዋ ላይ ፕላስቲክ እንዳጠለቀች ሁለት ቁራጭ በላችና ‹ጎት› አለች፤ ይጣፍጣል ማለቷ ነው። ገብረመድህን ለታኅሣሥ ሚካኤል አልደረሰም።»

ሰልፉ ተላቀቀ። መኪናው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ሲፈጥን እንኳን ከውስጥ የሚሰማው የመስተዋት መጥረጊያው ሲጥሲጥታ ብቻ ነበር። መንገድ ላይ የያዛቸው ዝናብ ካቆመ ቆይቷል፤ ሹፌሩ መጥረጊያውን ማጥፋት ረስቷል። ንጋት አንገቷን ደፍታ የጓንቷን ጣት ትጎትታለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስተክዝሻል? ስለ ሞተር ነው እኮ የምናወራው። ዋናውን ብልሃት ገና መቼ ነገርኩሽ? ይህ ሞተር አንድ ልብ፣ ሁለት አእምሮ ነው ያለው። ለዚህ ወገን ስድስት የራሱ ኮምፒውተር፣ የራሱ የቤንዚን ፓምፕ፤ ለዚያኛውም እንደዚሁ። በአንዱ ወገን ሕመም የተገኘ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ምን ሆነህ ነው ብሎ አይጠይቅም። ቤንዚኑን ይዘጋበታል፤ በቃ። መኪናዋ በቀረው ትሄዳለች። ትንሽ ጉልበቷ ይቀንሳል እንጂ አትቆምም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ላያውቅም ይችላል። ሠሪዎቹ በዚህ በጣም ይኮራሉ። አይፈረድባቸውም... የታመመን ከልክሎ ጉዞን መቀጠል፣ ያውም ሳንቲሟ ሳትወድቅ፣ ቀላል ጥበብ ነው?

«አሥራ ሁለት ሲባል ደግሞ ሐዋርያት ትዝ ይሉኛል። ከእነሱም አንዱ ጎድሏል። ‹ላለማስቸገር› ብለው አልዘለሉትም፤ ጸልየው፣ ዕጣ ጥለው፣ ማትያስን በቦታው ተኩ። የጎደለውም እኮ ይሁዳ ነበር! ለይሁዳ ወንበር እንኳን እንዲያ ተጨነቁ። ምን ታደርጊያለሽ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ነገር ማርዘም ይወዳሉ። ቫይበርም አልነበራቸው።»

ሃሉንዳ ደረሱ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ ለውጥ አልተሰማም፤ የበራው መብራት ነው መቆማቸውን የነገራቸው። ማኅበርተኛው ነጠላውን በካፖርቱ ላይ እንዳጣፋ ከሕንጻው በር ላይ ወጥቶ ቆሟል። ከፊት ቄሱ መስቀላቸውን ይዘዋል። ሹፌሩ ዞሮ የእትዬ ምንትዋብን በር ከፈተ፤ ከዚያም በዚያ እርጥብ ጨው ላይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ። መልካም ሱሪው ነጣ።

እትዬ ምንትዋብ ከወንበሩ አልተነሱም። እሱንም አላዩትም። ፊታቸውን ወደ ንጋት አዙረው፣ ነገር ግን እስከ በሩ እንዲሰማ አድርገው፣ እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ።

«አሜን በዪ ልጄ፣ ያንን የማውቀውን ሰው ልመርቀው። ሚካኤል በክንፉ ይጋርደው። ዕድሜ ከጤና ይስጠው፤ የልጅ ልጁን ያሳየው። ጓዳው አይጉደል፣ ደጁ ከእንግዳ አይራቅ። አንድ ቀን ደግሞ፣ መቼም አይቀርምና፣ አልጋ ላይ ሲውል... ተራው በደረሰች ዕለት ድፎው ወጥቶለት፣ ሱፉን አስለብሱኝ ብሎ፣ መስኮት ጋ ሲቀመጥ... ልክ እንደሱ ያሉ አሳቢ ወዳጆች አይታጡበት።»

በሩ ላይ የቆሙት በአንድ አፍ «አሜን!» አሉ፤ በልማድ፣ ሞቅ አድርገው። አሜን ያላለው ያጎነበሰው ሰው ብቻ ነው።

ቄሱ ደስ ብሏቸው ቀረብ አሉ። መስቀሉን በሁለቱ መካከል ዘርግተው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የምትለዋን አንዲት ቃል ጠበቁ። ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጽዋው እንደተሸፈነ ነው።

እትዬ ምንትዋብ መስቀሉን ተሳለሙ። ከዚያ በሩን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«አልልም አባቴ። ለእሱ አልልም። መልእክቱን አንብባችሁ ‹እሱስ ሰምቷል ወይ?› ብላችሁ ላልጠየቃችሁት ለእናንተም አልልም። ገብረመድህን ሁላችሁንም ይቅር ብሎ ነው የሞተው፤ ስለዚህም እሱን ራሱን ይቅር አላልኩትም። ማንንም ይቅር አልልም።»